የቆጣሪ አንባቢ አገጭ

ፍጥነቴን ያገኘሁት ከውሻ ነው። ይህን ስል ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን የምሬን ነው። አምቦ ከተማ ውስጥ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆኜ የተቀጠርኩ ሰሞን ከጠዋት እስከ ማታ በር ሳንኳኳ ነበር የምውለው። ከእያንዳንዱ በር ጀርባ ወይ ውሻ አለ፣ ወይ «ታስሯል፣ ግባ» የሚል ባለቤት አለ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። ታስሯል የተባለ ውሻ ስንት ሱሪ እንደጨረሰብኝ እኔና የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ብቻ ነን የምናውቀው። ቆጣሪው ሁልጊዜ ከውሻው ቤት አጠገብ የሚተከልበት ምክንያት ደግሞ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቁጥሩን አይቼ፣ ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ ዘልዬ ለመውጣት የሚፈጅብኝ ጊዜ ከወር ወር እያጠረ ሄደና በመጨረሻ ውሻው ገና ሲነሳ እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ።

ይህን እግር አይቶ የወደደልኝ የመጀመሪያው ሰው አንድ ፀጉር አስተካካይ ነው። ጋሼ እላቸው ነበር። ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ዳር ሁለት ወንበር የምትይዝ ጠባብ ቤት ነበረቻቸው። ስድሳን ያለፉ፣ ግራ ጆሯቸው የተጨማደደ፣ በወጣትነታቸው ወታደር ቤት ቦክስ የተጫወቱ ሰው ናቸው። ጓሯቸው ውስጥ በባሕር ዛፍ አግዳሚ ላይ አሸዋና ቡቱቶ የሞላ ጆንያ አንጠልጥለው፣ ከሥራ መልስ የምንመጣ ጥቂት ሰዎችን ያሠለጥኑ ነበር። ያኔ ግን ይህን አላውቅም። ቆጣሪ ላነብ ጓሮ ስገባ ውሻቸው ተወረወረብኝ፤ በሁለት እርምጃ ወደ ጎን ወጣሁለትና ሄዶ አጥሩን ነከሰ።

ጋሼ ምላጭ በእጃቸው እንደያዙ በጓሮ በር ብቅ አሉ። ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ።

«እስቲ ድገመው» አሉኝ።

«ምኑን?»

«የሸሸኸውን።»

አፌን ከፍቼ ሳልጨርስ ውሻውን «ያዘው!» አሉት። ደገምኩት። ወንበር ላይ አረፋ ተቀብቶ የሚጠብቃቸው ሰው እየጮኸ እሳቸው ሦስተኛ ጊዜ አስደገሙኝ። ሲበቃቸው «ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ና፣ ደብተርህን ቤት ትተህ» ብለው ወደ ምላጫቸው ተመለሱ።

ለምን እንደሄድኩ አሁን ሳስበው ነገሩ ግልጽ ነው። በዚያ ከተማ ስሜን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በር ሳንኳኳ ከውስጥ «ውሃ መጣ!» ይባላል እንጂ ሰው መጣ አይባልም። መንገድ ላይ ደግሞ «ኦቦ ቢሻን» ይሉኛል፤ ቢሻን በኦሮምኛ ውሃ ነው፣ ስለዚህ አቶ ውሃ ማለታቸው ነው። በፍቅር ነው የሚሉት፤ ግን የሚያዩት ቆጣሪውን ነው። ጋሼ ጓሮ ውስጥ ጓንት ባጠለቅኩ ቀን የመጀመሪያ ጊዜ ሰው ቆሞ እኔን አየ። ይህ ነገር እንደሚያስፈልገኝ አላውቅም ነበር። ካወቅኩት በኋላ ግን መተው አልቻልኩም።

ፈጣን ነበርኩ፤ ጉራ እንዳይመስልብኝ ጉድለቴንም አብሬ እናገራለሁ። ሌላው ሰው አንድ ቡጢ አስቦ እስኪጨርስ እኔ አምስት ሰንዝሬ እጨርሳለሁ። ችግሩ ከአምስተኛው በኋላ ነው። እጄን መልሼ ፊቴ ላይ በማድረግ ፈንታ ቆሜ ሥራዬን አደንቃለሁ። ግራ እጄ ደብተር እንደያዘ ሰው ወገቤ ላይ ይንጠለጠላል። አገጬ ደግሞ የቤት ቁጥር እንደሚፈልግ ሰው ወደ ላይ ይሄዳል። ዓመታት ሙሉ በቀን ስምንት ሰዓት የሠራሁት ሥራ ሪንግ ውስጥም አብሮኝ ገብቶ ነበር።

በዚያ ላይ ሰላምታ አለ። አምቦ ውስጥ ሰላም ያላለ ቆጣሪ አንባቢ በር አይከፈትለትም። አንዲት እናት «አካም?»፣ እንዴት ነህ፣ ብላህ «ነጋ»፣ ሰላም፣ ሳትላት ካለፍክ፣ በሚቀጥለው ወር ቁልፉ ጠፍቶባታል፤ በወሩም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም። ስለዚህ ማንም ከየትም ሲጠራኝ ቀኝ እጄ ሳላዝዘው ይነሳል፣ ጭንቅላቴ ወደ ድምፁ ይዞራል፣ አፌ «ነጋ! ፈያዳ!»፣ ሰላም ነው፣ ደህና ነኝ፣ ይላል። እጄ ጓንት ውስጥ ይሁን አይሁን ግድ የለውም።

የመጀመሪያ ሽንፈቴ እዚያው አምቦ፣ ሁለተኛው ጉደር ነበር። በሁለቱም በነጥብ እየመራሁ ነው የወደቅኩት። ሦስተኛው አዲስ ዓለም ላይ ሆነና አንድ ሰው በስልኩ ቀረጸው፤ በማግስቱ ቴሌግራም ላይ ያላየው የአምቦ ሰው አልነበረም። ቪዲዮው አጭር ነው። ሰውየውን አምስት ጊዜ እመታዋለሁ። ከተመልካች መካከል አንዱ የቆጣሪ ደንበኛዬ «ኦቦ ቢሻን! አካም!» ይላል። ዞር ብዬ፣ ፈገግ ብዬ፣ እጄን አነሳለሁ። ከዚያ ከጎን አንድ ጓንት ይመጣና እኔ ከቪዲዮው እወጣለሁ።

ጋሼ ይህን ቪዲዮ ከእያንዳንዱ ደንበኛ ጋር አዩት። ፀጉር ሊቆረጥ የገባ ሁሉ አስተያየት ሰጠበት። አንድ የባንክ ሠራተኛ ሰላምታው ጥሩ እንደነበር፣ ሰዓቱ ብቻ እንዳልገጠመ ተናገረ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ገበያ ውስጥ ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ቪዲዮውን ያሳየቻት ከጎኗ የምትቀመጥ ጎረቤቷ ናት። ቤት ስገባ ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነክራ ዓይኔ ላይ ያዘችልኝ።

«ስንተኛህ ነው?»

«ሦስተኛዬ።»

«አራተኛ ጊዜ ወድቀህ ከመጣህ ጓንቱን እኔ ራሴ ነኝ እሳት ውስጥ የምከተው። ዳግመኛ ወደዚያ ጓሮ አትሄድም። ማል።»

«እማዬ፣ ቦክስ ውስጥ እኮ መውደቅ ያለ ነው…»

«በአባትህ አጥንት ማል።»

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ጠዋት ወደ ነቀምቴ ሲነሳ ማታ እመለሳለሁ ብሎ ነው የወጣው፤ ሳይመለስ ቀረ። እናቴ በእሱ አጥንት ማል ስትል ቀልድ እንደሌለ ስለማውቅ ማልኩ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ መውደቅ ብቻ ቀረኝ ማለት ነው። ከወደቅኩ እንደገና ውሃ ብቻ ነኝ።

ለጋሼ ይህን ስነግራቸው ምላጫቸውን እየሳሉ አዳመጡኝ። «ጥሩ» አሉ፤ «እስከ ዛሬ ስትማር ነበር፤ አሁን ትጠነቀቃለህ።» በሁለት ወር ውስጥ ባኮ ላይ ውድድር ነበር። እዚያ የተመደበብኝ ሰው እህል ጫኝ ነው፤ ቀርፋፋ፣ ግን ቀኝ እጁ ኩንታል የሚወረውር።

መጀመሪያ አገጬን ያዙ። ፀጉር አስተካካይ ስለሆኑ ጭንቅላት የእጃቸው ሥራ ነው፤ ማጅራት ሊላጩ ሲሉ እንደሚያደርጉት በመዳፋቸው አናቴን ተጭነው አገጬን ደረቴ ላይ ያሳርፉታል። አገጬና ደረቴ መካከል ድንች አስቀምጠው «ይህ ከወደቀ አንተም ወደቅክ» አሉኝ። ከዚያ ወደ እጄ መጡ።

«አምስት ቡጢ ማን ፈለገ?» አሉኝ። «ያለህን ፍጥነት ሁሉ ለመምታት ትጨርሰዋለህ። ግማሹን ለመውጫ አስቀርልኝ። ሦስት ስጥና ውጣ። ስትወጣ እጅህ ጉንጭህ ላይ ይሁን፤ የመታኸውን ቆመህ አትይ።»

«መታሁት አልመታሁት እንዴት አውቃለሁ ታዲያ?»

«ውሻ ሲመጣብህ ቁጥሩን በትክክል ጻፍኩ ወይ ብለህ ቆመህ ታያለህ?»

«አላይም።»

«ታዲያ ሰው ከውሻ በምን ይሻልና ነው ለሰው የምትቆመው?»

ሦስት ሰጥቼ መውጣት ለመድኩ፤ ድንቹም ረጋ። ሁሉም ነገር ያማረ የነበረው ግን ሰው እስኪመጣ ድረስ ነው። አንድ ሰው በጓሮው በር ብቅ ብሎ «አካም ጅርቱ?»፣ እንዴት ናችሁ፣ ያለ እንደሆነ ለሁላችንም ነው የሚለው፤ የሚመልሰው ግን የእኔ ቀኝ እጅ ነው። ድንቹ ይወድቃል፣ አገጬ ይነሳል፣ ጋሼ በፎጣ ፊቴን ይመቱኛል። ጆሮዬን በጥጥ ደፈኑት፤ ያኔ ደግሞ ደወል ስለማልሰማ ዙሩ ካለቀ በኋላም ሰው እመታለሁ። ቀኝ እጄን ከፊቴ ጋር በፋሻ አሰሩት፤ በግራዬ ሰላም አልኩ። ተስፋ ቆረጡ። እኔማ ቀድሜ ቆርጬ ነበር፤ አንድ ሳምንት ሙሉ የእናቴን ምድጃ ባየሁ ቁጥር ጓንቴ ውስጡ ሲነድ ይታየኝ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ሳንፈልገው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ጋሼ አንድ መምህር ጢም እየላጩ ነው፣ እኔ ደግሞ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን እያንኳኩ ገቡና «ነጋዳ?» አሉ፤ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው። ለእኩያ ቢሆን እጄን አነሳ ነበር። እሳቸው ግን አባት ናቸው፤ ብድግ ብዬ፣ ትከሻዬን ሰብስቤ፣ አገጬን ደረቴ ላይ ቀብሬ፣ ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ፣ ሁለት እጄን ወደ ፊቴ አስጠግቼ ጎንበስ አልኩላቸው።

«ያዝኩት!» ብለው ጋሼ ጮኹ። መምህሩም ጮኹ፤ ምክንያታቸው ግን ጉንጫቸው ላይ ያለው ምላጭ ነበር።

ጋሼ ጥጥ እንኳ ሳያቀብሏቸው ወደ እኔ መጡ። «እንዳለህ ቁም! አትቃና!» እየዞሩ አዩኝ። አገጬን ፈለጉት፤ የለም፣ ተቀብሯል። አየሩን በቡጢ ቀዘፉት፤ ከአናቴ በላይ አለፈ። ሽማግሌው ምን እንዳጠፉ ስላልገባቸው ይቅርታ መጠየቅ ጀመሩ።

«ስማኝ» አሉ ጋሼ። «ሰላምታህን አላስተውህም። አንተ እንዳትመልስ ከማደርግ ይህን ወንበር አረብኛ ማስተማር ይቀለኛል። መልስ! ግን ከዛሬ ጀምሮ እኩያ የለህም። የሚጠራህ ሁሉ ሽማግሌ ነው። እጅህን አታነሳም፤ ጎንበስ ትላለህ።»

እርግጥ ዝም ብሎ መጎንበስ አይደለም፤ ሰው ዝም ብሎ ከጎነበሰ ከታች የሚመጣ ቡጢ ይቀበለዋል። ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት ነው የምወርደው። ከቀበቶ በታች ከወረድኩ ዳኛ ይቆጣኛል። እጄ ጉንጬ ላይ ነው። ከወረድኩበት ቦታ አልነሳም፤ ወደ ግራ ወጥቼ ነው የምቃናው። ከሁሉም በላይ ዓይኔ መሬት አያይም። «ሌላው ሰውነትህ ይስገድ» ይሉኝ ነበር፤ «ዓይንህ ግን ከሰውየው ላይ አይነሳ።»

ከዚያ አምቦን በሙሉ አሰማሩብኝ። ፀጉር የተቆረጠ ሁሉ ሲወጣ አንድ መልእክት ይሰጠዋል፤ ኦቦ ቢሻንን መንገድ ላይ ካየኸው ሰላም በለው። ባለ ባጃጆች ጡሩምባ እየነፉ ሰላም አሉኝ። ተማሪዎች ከግቢ በር ላይ ጠሩኝ። የቢሮ ጥበቃዎች፣ ሊስትሮዎች፣ ካህናት፣ ሻይ ቤት ደጅ የተቀመጠ ሁሉ «አካም ቡልቴ?»፣ እንዴት አደርክ፣ አለኝ። ለሁሉም ከጉልበቴ ወርጄ፣ እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ፣ በግራ ተነሳሁ። ከሩቅ አገር የመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያሾፍኩበት መስሎት ተቆጣ። የሥራ አለቃዬ በጠዋት ሦስት ጊዜ ሲጎነበስለት ዝውውር የምለምን መስሎት ገና ሳልጠይቀው «አይቻልም» አለኝ። ውሾቹ እንኳ ግራ ተጋብተው መጮኽ አቆሙ፤ የምሬን ነው።

ይህን ሁሉ ያልሰማችው እናቴ ብቻ ናት። እኔ አልነገርኳትም፤ ስለ ባኮ ባነሳሁ ቁጥር ፊቷ ስለሚለዋወጥ ቤት ውስጥ ስለ ቦክስ አናወራም ነበር። ገበያ ውስጥ ግን ሌላ ወሬ ደረሳት። አሮጊቶች ኮረሪማ ሊገዙ መጥተው «ልጅሽን ምን አስነካሽው? እንዴት ያለ ጨዋ ሆነ! እስከ መሬት ነው እኮ እጅ የሚነሳን» ይሏታል። እናቴ ልቦና እንድገዛ ማርያም ጋ ተስላ ነበር። ስለቷ የሰመረ መስሏት ጃንጥላ ገዝታ አስገባች። እኔስ ምን ልበላት?

ባኮ የሄድነው በሁለት ሚኒባስ ነው። ጌዶን አልፈን ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምጣድ ወላፈን መጣብን። ውድድሩ በአንድ ግቢ ውስጥ ነበር፤ በበቆሎ ማሳ የተከበበ፣ አቧራው ላይ ውሃ የረጩበት። የባኮው ሰው ካሰብኩት በላይ ሰፊ ነው። ጋሼ ጓንቴን እያሰሩ «ሦስት ስጥና ውጣ፤ ሲጠሩህ ጎንበስ በል፤ ሌላ ምንም አላስተማርኩህም» አሉኝ።

የመጀመሪያው ዙር የእኔ ነበር። ሦስት ሰጠሁት፣ ወጣሁ። ሦስት ሰጠሁት፣ ወጣሁ። በሁለተኛው ዙር ከእኛ ሰዎች አንዱ፣ ያ የባንክ ሠራተኛ ይመስለኛል፣ «ኦቦ ቢሻን! አካም!» አለ። ጎንበስ አልኩ፤ ቀኝ እጁ በላዬ አለፈ። የአምቦ ሰዎች አበዱ። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ቀኝ እጁን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ሠላሳ ሰው ሰላም ይለኛል። የባኮ ተመልካች ነገሩ አልገባውም፤ እየተደባደበ ከሕዝብ ጋር እጅ የሚነሳሳ ሰው አይቶ አያውቅም። ዳኛው «ዝቅ ማለት ትንሽ በዝቷል» ብሎ በጣቱ አስጠነቀቀኝ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ደከመኝ። በዚያ ሙቀት የአምቦ ሳንባ ብዙ አይሄድም። እግሬ ከበደ፤ ሰላምታ የሚሰጡኝ ሰዎችም ጉሮሯቸው ደርቆ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ዙሩ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ሦስት ሰጠሁት። ሦስቱም በደንብ ገቡ። በጣም በደንብ ስለገቡ የድሮው እኔ ተመለሰ፤ አራተኛና አምስተኛ ጨመርኩና ቆሜ አየሁ። ግራ እጄ ወረደ። አገጬ ተነሳ። የባኮው ሰው ቀኝ ትከሻ ወደ ኋላ ሲሄድ ታየኝ፤ እግሬ ግን መሬቱን ይዞ ቀረ።

በዚያች ቅጽበት ከበስተግራዬ አንድ ድምፅ «ሙጫ ኮ! አካም ኦልቴ?» አለ። ልጄ፣ እንዴት ዋልክ።

ያን ድምፅ በሺህ ሰው መካከል አውቀዋለሁ። አምቦ ገበያ ነጭ ሽንኩርት ፊት መቀመጥ የነበረበት ድምፅ ነው። ለማሰብ ጊዜ አልነበረም፤ ጉልበቴ ብቻውን ወረደ። ለባንክ ሠራተኛው ከወረድኩት፣ ለካህናቱ ከወረድኩት፣ ለዚያ ሽማግሌ ከወረድኩት ሁሉ ዝቅ አልኩ። የጓንቱ ንፋስ ፀጉሬን ሲዳብሰው ተሰማኝ፤ እንደ ሌላው ጊዜ ጎንበስ ብዬ ቢሆን ግንባሬን ያገኘው ነበር። ሰውየው በራሱ ኃይል ተሽከርክሮ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። እኔ በግራ ተነሳሁ፣ ሦስት ሰጠሁት፣ ወጣሁ። ደወሉ ተደወለ።

አሸነፍኩ። በጠባብ ነጥብ ነው፤ ግን አሸነፍኩ፤ ዋናው ደግሞ አልወደቅኩም። ጋሼ እንደ ሕፃን ዘለሉ። እኔ ሕዝቡን እየገፋሁ ሄጄ እናቴን አገኘኋት። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ፣ የበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ከእኔ ጋር በሚኒባሱ አልመለስም፣ በአውቶቡስ ነው የመጣሁት በአውቶቡስ እሄዳለሁ አለች። አብሬያት ገባሁ።

ወደ ጌዶ የሚያወጣውን ዳገት ተያያዝነው። እኔ ደስታዬ አላስቀመጠኝም። እናቴ ልታበረታታኝ ሳትነግረኝ ያን ሁሉ መንገድ መምጣቷ አንጀቴን በልቶት ነበር፤ ይህንኑ ነገርኳት። ከዳገቱ ጫፍ ላይ ብርዱ በመስኮቱ ሲገባ ነጠላዋን ጠበቅ አደረገች።

«ላበረታታህ አይደለም የመጣሁት» አለች።

«ታዲያ?»

«ልጥልህ ነው።»

አልገባኝም። መስኮቱን እያየች ቀጠለች። «ያንን ስልክ ላይ ያለውን ደጋግሜ አየሁት። ሰው ሰላም ሲልህ ነው የምትወድቀው። እኔ ሰላም ብልህ ደግሞ መቼም ዝም እንደማትል አውቃለሁ። አንዴ ወድቀህ፣ መሐላህ ደርሶ፣ ቤትህ ብትገባ ብዬ ነው። አውቶቡሱ ዘግይቶ ሦስተኛው ዙር ላይ ነው የደረስኩት፤ ይበልጥ እስኪደክምህ ጠበቅኩ። ያ ሰውዬ እጁን ወደ ኋላ ሲወስድ አየሁትና ያን ጊዜ ጠራሁህ።»

ተናደድኩ። አልዋሽም፣ እንደዚያ ቀን በእናቴ ተናድጄ አላውቅም። ያ ሰው ቢያገኘኝ ኖሮ ምን እንደሚያደርገኝ አውቃለሁ። «እንዴት ጨክነሽ?» አልኳት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ከፊታችን የተቀመጡት ዞር አሉ።

«በዚህ መንገድ አንድ ሰው ሸኝቻለሁ» አለች። «ሁለተኛውን መሸኘት አቃተኝ።»

አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ይዞ ነበር። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ቀኝ እጇን ያዝኩት፤ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። እስከ ጉደር ድረስ አልለቀቅኩትም።

ጉደር ስንደርስ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች። «ከዚያ ደግሞ ጎነበስክ» አለች። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሰው እየደበደበህ፣ ለእኔ እስከ መሬት ጎነበስክ። በሕይወትህ እንደዚያ አድርገህልኝ አታውቅም። እኔ ላስመታህ ጠራሁህ፣ አንተ እጅ ነሳኸኝ።»

ያኔ ልነግራት እችል ነበር። እማዬ፣ መጎንበሱ ሥልጠና ነው፣ ባጃጅ ጡሩምባ ሲነፋም እንዲሁ ነው የማደርገው ማለት ይቻል ነበር። አልነገርኳትም። ፈርቼ አይደለም። ያን ያህል ዝቅ እንድል ጋሼ አላስተማሩኝም፤ ዳኛው ራሱ በዝቷል ብሎኛል። የተጨመረችው ስንዝር ከየት እንደመጣች እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም።

«የሚቀጥለው መቼ ነው?» አለችኝ አምቦ ልንገባ ስንል።

ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ውድድሮች ሁሉ ገመዱ አጠገብ ነበረች። ሰው እጁን ወደ ኋላ ሲወስድ ከጋሼ ቀድማ የምታየው እሷ ነበረች፤ «ሙጫ ኮ!» ስትል እወርዳለሁ። አንድም ጊዜ አልወደቅኩም። ቦክስ ያቆምኩት በቡጢ አይደለም፣ በውሻ ነው፤ ታስሯል ተብሎ። ጉልበቴን ነክሶ ያዘኝ።

አሁን ጋሼ አርጅተዋል፣ ጆንያውም ተቀዷል። እኔ ደግሞ ደረጃ አግኝቼ ቢሮ ገብቻለሁ፤ ጓንቴ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል፣ የሰቀለችውም እናቴ ናት። ጠዋት ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ «አካም ቡልቴ?» ትለኛለች። የታመመው ጉልበቴ እየተንቋቋ እስከሚችለው እወርዳለሁ፣ አገጬን ደረቴ ላይ እቀብራለሁ፤ ዓይኔን ግን ከእሷ ላይ አላነሳም።